ሁለት ዓለም በአንድ መናኸሪያ፦ የዲኤንዲ ካምፔይኖችን ስለማገናኘት ጥያቄና መልስ

ለየብቻ ሲመሩ የቆዩ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዲኤንዲ፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) ካምፔይኖችን (ተከታታይ የጨዋታ ታሪኮችን) ማገናኘት ለምትፈልጉ ዲኤሞች (የጨዋታ መሪዎች)፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንዱ ካምፔይናችን ቶሪል በሚባለው የዲኤንዲ ዓለም ላይ ነው፣ ሌላው ክሪን በሚባለው ላይ። ለማገናኘት ስፔልጃመር ይሻላል ፕሌንስኬፕ?

መልስ፦ መንገዱ ራሱ እንዲያጫውታችሁ ከፈለጋችሁ ስፔልጃመር፤ ቶሎ መድረስ ከሆነ ፕሌንስኬፕ። በ1989 የወጣው ስፔልጃመር በዓለማት መካከል መርከብ ያስኬዳል፤ መርከብ ካለ ደግሞ ሠራተኛ፣ ስንቅና ወንበዴ አለ። የ1994ቱ ፕሌንስኬፕ ሲጊል የምትባል፣ በሮቿ ወደየትም የሚያደርሱ ከተማ ይሰጣችኋል። የምትገናኙት በወር አንዴ ከሆነ ሲጊልን ያዙ፤ መርከብ ጊዜ ይበላል።

ጥያቄ፦ ለተጫዋቾቹ የሲጊልን በር ከከፈትኩላቸው እንደ ሚኒባስ ይመላለሱበታል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ይመላለሱበታል እንጂ! የሲጊል በር ቁልፍ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቁልፍ ሲባል የግድ ብረት አይደለም፤ ዕቃ፣ ቃል ወይም የእጅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ በር የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚያወጣ፣ ቁልፉ ምን እንደሆነና መመለሻ ይኑረው አይኑረው ጽፈህ ያዝ። ለምሳሌ የአንድ ዳቦ ቤት የጓሮ በር፦ ያረረ ዳቦ በእጁ ይዞ የገባውን ክሪን ላይ ካለ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ያወጣዋል፣ ዳቦው አመድ ይሆናል፣ መመለሻ የለም። ሲጀመር ሦስት በር ይበቃል። ቁልፉ የሚያልቅ ይሁን፤ የማያልቅ ከሆነ ሚኒባሱ መጣ።

ጥያቄ፦ ክሪን ላይ የሚገበያዩት በአረብ ብረት ሳንቲም ነው። ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ከሁሉም የባሰውን። አንዱ የአረብ ብረት ሳንቲም ከአንድ የወርቅ ሳንቲም እኩል ነው። በጨዋታው አምስተኛ እትም ሕግ እናስላው። ሎንግሶርድ (ረጅም ሰይፍ) 15 ወርቅ ያወጣል፣ 3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 50 ሳንቲም ደግሞ 1 ፓውንድ ነው። እንግዲህ ቶሪል ላይ በ15 የተገዛ ሰይፍ ክሪን ላይ ቢቀልጥ 150 ሳንቲም ይወጣዋል። ተጫዋች ይህን ለማወቅ አንድ ምሽት አይፈጅበትም። ማቅለጥ ክልክል ነው ብትሉ ትርፉ የአንድ ሰዓት ክርክር ነው። ይልቅ ዋጋውን የሚሰጠው ማኅተሙ ነው በሉ፦ ያልታተመ ብረት በአንድ አሥረኛ ዋጋ ብቻ ይገዛ። ያኔ 150ው ወደ 15 ይወርዳል፤ የአቅላጩ ክፍያ ሲቀነስ ነጋዴያችሁ ከስሯል። አስመስሎ ሳንቲም ልምታ ካለ እሰየው፣ ሐሰተኛ ገንዘብ ጥሩ ጀብዱ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ክሌሪክ (ከአምላኩ አስማት የሚያገኝ ካህን) ሌላ ዓለም ሲሄድ አምላኩ ይሰማዋል?

መልስ፦ በሁለተኛው እትም ስፔልጃመር፣ አምላኩ በማይታወቅበት ስፌር (ዓለማትን የያዘ ክልል) ክሌሪክ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የሆኑ ስፔሎቹን (አስማቶቹን) መልሶ አያገኝም ነበር። አንድን ተጫዋች ብቻ ነጥሎ የሚቀጣ ሕግ ስለሆነ እኔ አልመክረውም። ከወደዳችሁት ግን ከጉዞው በፊት ይነገረው።

ጥያቄ፦ የስፔልጃመር መርከብ ላይ አየር ስንት ጊዜ ይቆያል?

መልስ፦ በ2022ቱ የስፔልጃመር እትም ሰው ከመርከቡ አቅም እስካልበለጠ 120 ቀን ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ባለው 120 ቀን ይበከላል፤ የሚተነፍሰው ሁሉ ስለሚመረዝ ሲያጠቃም አቢሊቲ ቼክ (የችሎታ ፈተና) ሲጥልም ዲስአድቫንቴጅ አለበት (ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል)። ከዚያ በኋላ ገዳይ ነው። የመርከቡ ፍጥነት በቀን 100 ሚሊዮን ማይል ነው፣ ግን 1 ቶን ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን ነገር በ1 ማይል ውስጥ ሲገኝ መርከቡ ወዲያው ወደ ተራ ፍጥነቱ ይወርዳል። ወንበዴዎቻችሁን እዚያ አስቀምጡ። የ1989ኙን ካርታ ከአዲሱ ሕግ ጋር ስትቀላቅሉ ተጠንቀቁ፦ በድሮው ዓለማቱን የሚለያየው ፍሎጂስተን የሚባል ነገር ነው፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። አዲሱ በአስትራል ባሕር ተክቶታል። ፋየርቦል (የእሳት ኳስ አስማት) ከመወርወሩ በፊት የትኛው ላይ እንዳላችሁ ወስኑ።

ጥያቄ፦ ራቨንሎፍትስ (በጭጋግ የተከበበው የዲኤንዲ የሽብር ዓለም) መገናኛ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ጭጋጉ ያስገባል እንጂ መውጫው በተጫዋቹ እጅ አይደለም። ወጥመድ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ቡድን በተለያየ ቀን ይጫወታል። ጊዜያቸው እንዴት ይገጥማል?

መልስ፦ በአንድ የጋራ ደብተር የመናኸሪያውን (ቡድኖቹ የሚገናኙበትን ቦታ) ቀን ብቻ ቁጠሩ፤ የየዓለሙን ካሌንደር ተዉት። አንዱ ቡድን 40ኛው ቀን ላይ ሲጊል ገብቶ ሌላው ገና 25ኛው ላይ ከሆነ፣ የቀደመው እስኪደርሱበት ሥራ ይሰጠው፦ ዕቃ መሥራት፣ ማገገም፣ ቁልፍ ማፈላለግ። ያን 15 ቀን ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት፣ የመጀመሪያው ቡድን የገደለው ነጋዴ ለሁለተኛው ቡድን ዕቃ ሲሸጥ ታገኙታላችሁ።