ድንግዝግዝ ጥንቸል?

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ ነው። ልጄ ስለ ዱር እንስሳት የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያነብ ጥንቸልን «ክረፐስኪዩላር» የሚል ቃል አገኘ። መዝገበ ቃላት ብናይ «ድንግዝግዝ ያለ» ይላል። ልጁ «ጥንቸል ደንዛዛ ናት ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ቃሉስ ከየት የመጣ ነው?

መልስ፦ ድንግዝግዝ ያለው ሰዓቱ እንጂ ጥንቸሏ አይደለችም። ይህ ቅጽል ስለ እንስሳ ሲነገር የእንስሳውን ጠባይ ሳይሆን የሚንቀሳቀስበትን ጊዜ ስለሚያመለክት፣ ማለዳ ወገግ ሲልና ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከመደበቂያው ወጥቶ ምግቡን የሚፈልግ ማለት ነው።

ምንጩ ላቲን ነው። ሮማውያን ምሽት ላይ የሚሆነውን ድንግዝግዝታ «ክሬፑስኩሉም» ይሉት ነበር፤ ቃሉም ጨለም ያለንና አጠራጣሪ የሆነን ነገር ከሚገልጸው «ክሬፔር» ጋር ይዛመዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊው ሊቅ ቫሮ፣ ሰዓቱ ቀን ይሁን ሌሊት ብዙዎችን ስለሚያጠራጥር ስሙን ከጥርጣሬ ጋር አያይዞታል። እኛ ሰዓቱን የሰየምነው ዓይናችንን በመያዙ ሲሆን፣ እነሱ ግን ልብን በማመንታቱ መሰየማቸው ይገርመኛል።

ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መጀመሪያ የሚገልጸው ደብዛዛውን ብርሃን ራሱን ነበር፤ እንስሳትን መግለጽ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የጥንቱ ትርጉም ግን ዛሬም አልጠፋም፦ ክረምት ላይ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ደመናውን ሰንጥቀው ወደ ምድር የሚወርዱትን የብርሃን ዘንጎች የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በዚሁ ቅጽል ይጠሯቸዋል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ የሰጣችሁ ፍቺ ለብርሃን እንጂ ለእንስሳ አይሆንም። ልጅዎ ዓረፍተ ነገሩን «ጥንቸል ሲነጋጋና ሲመሻሽ ትንቀሳቀሳለች» ብሎ ቢመልሰው ይበቃዋል። በእናንተ ሰፈር ዳርቻ ውድቅት ላይ የሚጮኸው ጅብ ግን ምንም እንኳ አንዳንዴ ሲመሻሽ ቢታይም፣ ይበልጥ የሚስማማው ሌላው የላቲን ዘር ቃል «ኖክተርናል»፣ ማለትም የሌሊት እንስሳ የሚለው ነው።