ነጥቡ አዲስ አበባ፣ ልጅቷ ሳቢያን

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በዘፈቀደ በሚያገናኝ የቪዲዮ ድረ ገጽ አወራለሁ። ስሜንም ሰፈሬንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ካርታ ከፍቶ አዲስ አበባ ላይ ያረፈ ቀይ ነጥብ አሳየኝና «ያለሽበትን አውቄዋለሁ» አለኝ። ሳቅሁበት። ጥቂት ቆይቶ ግን «ተሳስቻለሁ፣ ድሬዳዋ ነሽ» ሲለኝ ደንግጬ ዘጋሁት። የምጠቀመው የሞባይል ዳታ ነው። ስልኬ ተጠልፎ ይሆን? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በድሬ ወግ አንቱታውን ልተወውና፣ እህቴ፣ ስልክሽ የተጠለፈ አይመስለኝም። ምክንያቴም ራስሽ የጻፍሽው ነው። ስልክሽ ውስጥ የገባ ሰው ጂፒኤሱን ያነብ ነበር፤ ነጥቡም ከመጀመሪያው ሳቢያን ላይ ያርፍ ነበር እንጂ አዲስ አበባን አይዞርም።

ቪዲዮ ብዙ ዳታ ስለሚበላ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች ብዙውን ጊዜ ምስሉን በራሳቸው ሰርቨር ከማሳለፍ ይልቅ ሁለቱን መሣሪያዎች በቀጥታ ያገናኛሉ። ለዚህ ደግሞ አንዱ የሌላውን አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) ማወቁ ግድ ነው። አድራሻውን ለይቶ በካርታ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ማግኘት ቀላል ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ ቻትሩሌት የተባለውን ድረ ገጽ አንድ የ17 ዓመት የሞስኮ ልጅ በ2009 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ባወጣ በማግስቱ ዓመት፣ የተጠቃሚዎቹን ምስል በካርታ ላይ የሚለጥፍ ሌላ ገጽ ብቅ ብሎ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር።

አይፒ አድራሻን እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር አስቢው። ሣጥኑ የትኛው ፖስታ ቤት እንዳለ ይነግራል፤ የባለቤቱን ቤት ግን አያሳይም። በሞባይል ዳታ ላይ ደግሞ ብዙ ደንበኞች አንዱን ሣጥን ይጋራሉ። የትኛው ደብዳቤ የማን እንደነበር መዝግቦ ሊይዝ የሚችለው የቴሌኮም ድርጅቱ ነው፤ ያ ሰው ያንን መዝገብ አያገኝም። የአድራሻ ዝርዝር አዘጋጅተው የሚሸጡ ኩባንያዎችም ቦታውን ሳያውቁ ሲቀሩ የአገሩን መሀል ወይም ዋና ከተማውን ይሞላሉ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ቦታቸው ያልታወቀ ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎችን በአገሪቱ መሀል አካባቢ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ አኑሯቸው ነበር። ነጥቧ ካንሳስ ውስጥ የአንድ እርሻ ግቢ ላይ ወደቀች። ምክንያቱ በ2016 እ.ኤ.አ. እስኪገለጥ ድረስ የግቢው ሰዎች ሌባ የሚፈልግ ፖሊስና የተናደደ መንገደኛ ሲያስተናግዱ ኖሩ።

ታዲያ ድሬዳዋን ከየት አመጣው? ስልክ ደውዬ ከኋላሽ ምን እንዳለ ስጠይቅሽ «ግድግዳና የቀን መቁጠሪያ» አልሽኝ። በቃ። ሱቆች በየዓመቱ የሚያድሉት፣ ስማቸውና ስልካቸው በትልቁ የታተመበት (እኔም አድላለሁ፣ ጥፋቱ የኛም ነው)። 025 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያየ ሰው ምሥራቅ ኢትዮጵያ መሆንሽን ያውቃል፤ የሱቁን ስም ፈልጎ ከተማውን ለማግኘት ደቂቃ አይፈጅበትም። የለበስሽው ድሪያና በመስኮት የሚገባው የባጃጅ ድምፅም ይመሰክሩብሻል።

ስለዚህ ከቴክኒኩ በፊት ግድግዳውን አጽጂ። ባዶ ግድግዳ፣ የተዘጋ መስኮት።

ከዚያ ብራውዘርሽ ውስጥ የጣቢያዎች ፈቃድ የሚለውን ክፈቺና ለዚያ ድረ ገጽ የአካባቢ ፈቃድ ሰጥተሽ እንደሆነ እዪ፤ ካለ ሰርዢው። ሊንክ ልኮልሽ ከሆነም አትንኪው። ቪፒኤን (ግንኙነትሽን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ነጥቡን ወደ ሌላ አገር ያዛውረዋል፤ ግን አንዳንድ ብራውዘር በቪዲዮ ጊዜ እውነተኛውን አድራሻ አሾልኮ ያወጣል። ስለዚህ ቪፒኤኑን ከማብራትሽ በፊትና በኋላ የዌብአርቲሲ (ብራውዘሮች ለቪዲዮ ጥሪ የሚጠቀሙበት ዘዴ) መፈተሻ ገጽ ከፍተሽ የሚያሳይሽን የአይፒ ቁጥር አወዳድሪ። የቀድሞው ቁጥር አሁንም ከታየ ቪፒኤኑ አልሸፈነሽም። በነጻ የሚታደለውን አልመክርም፤ ትራፊክሽ ሁሉ በእነርሱ እጅ ነው የሚያልፈው።

በቴሌግራም የምትደዋወዪ ከሆነ በግላዊነት ቅንብሩ ውስጥ ጥሪዎች የሚለውን ገብተሽ ቀጥታ ግንኙነትን ለማንም እንዳይፈቀድ (Nobody) አድርጊው። በዋትስአፕም በጥሪ ጊዜ አይፒ አድራሻን የሚደብቅ ቅንብር አለ። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ሰውየው ተመልሶ ቢያስፈራራሽ ገንዘብ አትላኪ፣ አትለምኚውም። ስክሪኑን ፎቶ አንሺ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊና ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማስፈራራትን ያስቀጣል። ለፖሊስ ደግሞ እሱም እንዳንቺ የራሱ ሣጥን፣ ማለትም አይፒ አድራሻ፣ እንዳለው ንገሪያቸው፤ በቴሌኮሙ መዝገብ የማን እንደነበር የሚፈለገው በቀኑና በሰዓቱ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ነጥቡ ሳቢያን ላይ ካረፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስልኩን ሳታጠፊው፣ ምንም ሳትሰርዢ ከዚራ ሰፈር ድረስ ይዘሽልኝ ነይ።