ስክሪኑን አምነሽ አትቀመጪ (ባለ 96 ማሽን ለገዛሽው እህት)

"ህዳር ላይ ባለ 96 የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዛሁ፣ ስክሪኑ 37.8 ዲግሪ እና 55 ፐርሰንት ይላል፣ ግን 11 ጫጩት ብቻ ነው የወጣልኝ፣ ሌሎቹ ቅርፊቱን በስተው እዛው ደርቀው ሞቱ፣ ሙቀትና እርጥበቱን እንዴት ላስተካክል" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ ነው የምመልሰው። ረዘም ይላል ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ ያንቺ የዘንድሮው የኔ የአምናው ነው፣ ማሽኑም ያው፣ ወሩም ያው፣ አሟሟታቸውም ያው። እኔ እንደውም 9 ነው የወጣልኝ። አዲስ አበባ ግንፍሌ ነው የምኖረው፣ ግቢ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ነው ለዚህ ስራ የለቀቅኩት። አውራ ያለው እንቁላል፣ 21 ቀን፣ ማገላበጥ ምናምን የሚለውን አልነግርሽም፣ እሱን እንደምታውቂ ከጥያቄሽ ያስታውቃል።

1. እንቁላሉን ለመቀየር አትቸኩዪ። አሁን ሁሉም ሰው "እንቁላሉ ነው" እያለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ጫጩቱ እዛ ድረስ አድጎ ቅርፊት ከበሳ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ አይደለም ጥፋተኛው፣ ማሽኑ ውስጥ ያለውን አየር ነው መጠርጠር ያለብሽ። እኔ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ማሽኑን በላዳ ጭኜ መርካቶ የገዛሁበት ሱቅ ድረስ ወሰድኩት፣ ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል "ስክሪኑ 37.8 ካለ 37.8 ነው፣ እንቁላልሽን አስተካክዪ፣ ዕቃ አንዴ ከወጣ አይመለስም" አለኝ። ሶኬት ላይ ሰክተህ አንድ ደቂቃ እይልኝ ብለው "ስራ አለኝ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ሲሸጥልኝማ ሻይ ጋብዞኝ ነበር። እኔም የሱን ቃል አምኜ ሰበታ ላለው እንቁላል ላመጣልኝ ሰውዬ ደውዬ የማይባል ነገር ተናገርኩት፣ ያረጀ እንቁላል ነው የሸጥክልኝ፣ ገንዘቤን በላህ አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እህቴ እግዜር ያውቃል" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከዛ ከሌላ ቦታ አንዱን በ35 ብር 96 እንቁላል ገዛሁ፣ 3,360 ብር። ከሱም 6 ጫጩት ወጣ።

2. ቴርሞሜትር ለብቻ ግዢ። ይሄን ሁሉም ይነግርሻል ግን ቴርሞሜትሩን ራሱን እንዴት እንደምትፈትኚው አይነግሩሽም፣ እኔን ያቃጠለኝ ደግሞ እሱ ነው። ከሁለተኛው ዙር በፊት የመስታወት ቴርሞሜትር ገዝቼ እንቁላሎቹ መሀል አስቀምጬ ነበር፣ ስክሪኑ 37.8 ሲል እሱ 38.9 አለ። የቱ ነው ልክ? የወንድሜ ልጅ ቤት ነበር፣ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ "አክስቴ ቀላል ነው፣ የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው፣ እዛ ውስጥ ከተነው እንየው" አለኝ። ጀበናውን አውርጄ ውሃ በብረት ድስት አፈላሁ፣ ሲንተከተክ ከተትነው፣ ቀዩ መስመር 92 ላይ ቆመ። ጠበቅን፣ ከ92 ንቅንቅ አላለም። እና "ይሄማ ብልሽት ነው፣ 8 ዲግሪ ይሳሳታል" ብለን ቆሻሻ ውስጥ ጣልነው። ስክሪኑን አምነን 96ቱን እንቁላል አስገባን።

እህቴ፣ የጣልነው ትክክለኛውን ነው። ከሶስት ሳምንት በኋላ ጎረቤታችን፣ ድሮ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ ጋሼ፣ አዝነውልኝ ሊጠይቁኝ ገብተው ታሪኩን ስነግራቸው ነው "ልጄ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 አይፈላም እኮ" ያሉኝ። ከተማችን ከባህር ወለል ወደ 2,355 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ያ ምስኪን ቴርሞሜትር እውነቱን ነበር የነገረን። ልጁ አፍሮ ለሳምንት ቤቴ አልመጣም ነበር፣ እኔ ግን እሱን አልወቅሰውም፣ መፅሀፉ 100 ነው የሚለው፣ የባህር ወለል ላይ የሚለውን ማን ልብ ይላል።

ስለዚህ ሰው በፈላ ውሃ ሞክሪ ካለሽ እዚህ ከተማ ውስጥ አትስሚው። እኔ አሁን የማደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ በረዶ ሰባብሬ ብርጭቆ ሙሉ አድርጌ ትንሽ ውሃ ጨምሬበት አማስልና ቴርሞሜትሩን አምስት ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ ዜሮን ማሳየት አለበት፣ ይሄ ከፍታ አይቀይረውም። ሁለተኛ፣ ዋናው ይሄ ነው፣ ከፋርማሲ የሰው ትኩሳት መለኪያ ዲጂታሉን ገዛሁ። እሱ የተሰራው ልክ እኛ ለምንፈልገው ሙቀት አካባቢ ነው፣ እዛ ጋ የሚስተው ቢበዛ የዲግሪ አንድ አስረኛ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ እጅሽን የማያቃጥል፣ ኩባያ ውስጥ አድርጊና ትኩሳት መለኪያውንና ቴርሞሜትሩን አንድ ላይ ንከሪያቸው፣ ልዩነቱን ወረቀት ላይ ፃፊውና ማሽኑ ላይ ለጥፊው። ከዛ ስክሪኑን ከቴርሞሜትሩ ጋር አስተያዪው። የኔ ማሽን ላይ ሙቀት ማስተካከያ ሴቲንግ ስላለው 1.1 አስተካከልኩት፣ ያንቺ ከሌለው ስክሪኑን 36.7 ላይ አድርጊው፣ እውነተኛው 37.8 ይሆናል፣ ያው የስክሪንሽ ስህተት የኔን ያህል ከሆነ ነው። መለኪያው ደግሞ ሴንሰሩ የተንጠለጠለበት ክዳን ስር ሳይሆን እንቁላሎቹ ጀርባ ልክ፣ መሀል ላይ፣ ቅርፊትም ግድግዳም ሳይነካ ይቀመጥ። ጫጩቶችሽ በ19 እና 20 ቀን ቀድመው መብሳት ጀምረው ከነበረ፣ ትንንሽ ሆነው እምብርታቸው ካልተዘጋ፣ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው። 22 እና 23 ቀን ከጎተተብሽ ደግሞ አንሷል።

3. እርጥበት። እዚህ ጋ ነው ያንቺ ጫጩቶች ያለቁት፣ በርግጠኝነት ነው የምልሽ። የመጀመሪያው ዙር ያለቀ ቀን ማታ ያልወጡትን እንቁላሎች ጋዜጣ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ምንቃራቸውን በቀዳዳው ብቅ አድርገው ነው የሞቱት። ቅርፊቱ ስር ያለው ስስ ነጭ ሽፋን ላባቸው ላይ ተጣብቆ ደርቋል፣ በጥፍሬ ስስበው እንደ ደረቀ የእንጀራ ጠርዝ ነው የሚሰባበረው። ልክ ሰው በጠባብ ልብስ ተጠፍንጎ መዞር እንዳቃተው ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ስለ እርጥበት ቀልድ አላውቅም።

ለምን እዚህ ይብሳል? ህዳርና ታህሳስ የአዲስ አበባ ሌሊት ምን ያህል እንደሚደርቅ ከንፈርሽ ያውቀዋል። 10 ዲግሪ የሆነና 60 ፐርሰንት እርጥበት ያለው አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.8 ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 ይወርዳል፣ ቀሪውን የሚሞላው ያንቺ ውሃ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እንቁላሉ ራሱ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ውሃውን ከቆላ ይልቅ ቶሎ ያወጣል። በክረምት የሰራልሽ ውሃ በበጋ አይሰራም።

የስክሪኑ 55ም ውሸት ሊሆን ይችላል። የኔ ውሸት ነበር። አንድ ቆርኪ ጨው ውሰጂ፣ ጠብታ ጠብታ ውሃ ጨምሪበት፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን እንጂ አይሟሟ፣ ከእርጥበት መለኪያው ጋር ክዳኑ ጥብቅ የሚል ዕቃ ውስጥ ዘግተሽ አሳድሪው። ጠዋት 75 ማሳየት አለበት። የኔ 88 አለ፣ 13 ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ እኔ 55 ነው ስል 42 ነበር። የማሽንሽ ሴንሰር የማይወጣ ከሆነ ትንሽ መለኪያ ገዝተሽ ፈትኚና ውስጥ አስቀምጪው። እስከ 18ኛው ቀን እውነተኛ 50 እስከ 55፣ ከዛ በኋላ 65 እስከ 70።

ውሃውን ስትጨምሪ ጥልቀት ምንም አይጠቅምም፣ የሚተነው ከላይ ካለው ስፋት ነው። እኔ ጣሳ ሙሉ ውሃ አስቀምጬ ለምን አይጨምርም እያልኩ ስናደድ ነበር፣ ከዛ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጌ አፈሰስኩና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆራርጬ አቆምኩበት፣ በሰዓት ውስጥ ተነሳ። ለብ ያለ ውሃ ጨምሪ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱን ያወርደዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሚዛን። እህቴ ሚዛን አይዋሽም። በሶስተኛው ዙር 12 እንቁላል በእርሳስ ምልክት አድርጌ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኳቸው፣ 720 ግራም። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 ፐርሰንት መቀነስ አለበት፣ ስለዚህ እኔ 634 አካባቢ ነበር የምጠብቀው፣ 7ኛው ቀን ላይ ደግሞ 686። ስመዝነው 672 ሆነ፣ በጣም ደርቋል። ያንኑ ማታ ሁለተኛ ትሪ ጨመርኩ፣ 10ኛው ቀን ላይ ረጋ አለ፣ 18ኛው ቀን 631 መጣ። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ቤት ሄጄ አሳየኋቸው፣ መነፅራቸውን አድርገው ሶስቴ ነው ያነበቡት።

አንድ ጥፋት ደግሞ ልንገርሽ፣ በሁለተኛው ዙር እርጥበት እንዲይዝልኝ ብዬ የአየር ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ደፍኛቸው ነበር። እንዳታደርጊው። እዚህ አየሩ ራሱ ስስ ነው፣ ጫጩቱ ሊወጣ ሲል መተንፈስ ይፈልጋል፣ እርጥበቱን በትሪ አምጪው እንጂ በመድፈን አይሆንም። የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት ክዳኑን በፍፁም አትክፈቺ፣ ጭው ጭው ሲሉ አንጀትሽ አይችልም፣ አውቃለሁ፣ አንዱን ልርዳ ብለሽ ስትከፍቺ ግን ያ ሽፋን ሌሎቹ ላይ ይደርቃል።

መብራት ሲሄድ ጋቢ አልብሺው፣ ከአራትና አምስት ሰዓት በላይ ከቆየ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ዙሪያውን አስቀምጪ። ትንሽ መቀዝቀዝን ይችሉታል፣ ያዘገያቸዋል እንጂ፣ ከመጠን በላይ ሙቀት ነው በአጭር ጊዜ የሚፈጃቸው። ከሰል እዛ ክፍል አታስገቢ፣ ለነሱም ላንቺም።

ሶስተኛው ዙር፣ 7ኛው ቀን ላይ እንቁላሎቹን በባትሪ አብርቼ አይቼ 10 ባዶ (ጫጩት ያልያዘ) አወጣሁ፣ ከ86ቱ 71 ወጣ። እንቁላሉ የማን ነበር መሰለሽ፣ የሰበታው ሰውዬ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እንደገና ዝም ብሎ ሰማኝና "ስንት ላምጣልሽ" ብቻ ነው ያለኝ፣ እስከዛሬም እሱ ነው የሚያመጣልኝ። አንቺም እንቁላል ያመጣልሽን ሰው ተናግረሽው ከሆነ ዛሬውኑ ደውዪለት።

አሁን ውስጥ ያለ እንቁላል ካለሽ ዛሬ ማታ 12ቱን መዝኚና ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ ስትገዢም መዝነሽ ከነበረ የመጀመሪያውን፣ እዚሁ ፃፊልኝ። የጨው ሙከራውንም ጠዋት ስንት እንዳለ ንገሪኝ፣ ውሃውን ስንት ትሪ እንደምታደርጊ አብረን እናየዋለን።