ድንገተኛ የሽንት መዘጋት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ ከሌሊት ጀምሮ ሽንታቸው አልወጣ ብሏቸው እያማጡ ነው። ብዙ ውሃ ቢጠጡ ይከፈትላቸው ይሆን?

መልስ፦ አይከፈትላቸውም፤ እንዲያውም ስቃዩን ያባብሰዋል። የአዋቂ ሰው የሽንት ፊኛ እንደ ወትሮው ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ መውጫው ሲዘጋ ግን ተለጥጦ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያጠራቅም ይችላል። በዚህ ላይ የሚጨመር ውሃም ሆነ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሞላውን ይበልጥ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ትንሽ ጠብ እያለ ይወጣል። ይህም ተዘግቷል ይባላል?

መልስ፦ ሊባል ይችላል። ፊኛው ከአቅሙ በላይ ሲሞላ የተረፈው እየፈሰሰ ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ ልብስ መራሱ ፊኛው ለመጉደሉ ማስረጃ አይሆንም። ሐኪሙ ከእምብርት በታች በእጁ ሲዳብስ ያበጠ ነገር ያገኛል፣ በጣቱ ሲመታውም ድምፁ ድፍን ይሆናል፤ ጥርጣሬ ካለ አልትራሳውንድ ይለየዋል። ፊኛው ባዶ ሆኖ ከተገኘ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ኩላሊት ሽንት ማምረት አቁሞ ወይም ከፊኛው በላይ ያለው መተላለፊያ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከወንዶች ፊኛ በታች ያለው የፕሮስቴት ዕጢ የሚያድገው በዓመታት ውስጥ ከሆነ፣ ሽንት በአንድ ሌሊት የሚዘጋው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ ዋናው ምክንያት ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት እድገት ነው። ዕጢው የሽንት ቱቦውን ዙሪያውን ከቦ እያጠበበው ሲሄድ፣ የፊኛው ጡንቻ በበለጠ ኃይል እየገፋ ለረጅም ጊዜ ይቋቋመዋል፤ ሰውየውም ሽንቱ መቅጠኑንና ሌሊት ደጋግሞ መነሳቱን የእርጅና ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። በዚህ መሃል አንድ ትንሽ ነገር ሚዛኑን ያዛባዋል። ለጉንፋን የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪን የፊኛውን አንገትና የፕሮስቴቱን ጡንቻ ያጠብቃል፤ እንቅልፍ የሚያመጡ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶችና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች የፊኛውን የመኮማተር ኃይል ያዳክማሉ፤ እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች፣ የወገብ ማደንዘዣ፣ ከባድ የሆድ ድርቀት፣ አልኮልና ሽንትን ለብዙ ሰዓት መቋጠርም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ በቅርቡ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውን ጭምር፣ ይንገሩ፤ በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው። ከዚህ ሌላ የሽንት ቱቦ ጥበት፣ ጠጠር፣ የረጋ ደምና የፕሮስቴት ኢንፌክሽንም ይዘጋሉ።

ጥያቄ፦ ሴቶችንስ ያጋጥማቸዋል?

መልስ፦ ከወንዶች ያነሰ ቢሆንም ያጋጥማቸዋል፤ ከወሊድ በኋላ፣ በማህፀን መውጣት፣ በማህፀን ዕጢ፣ በብልት ሄርፒስ፣ እንዲሁም ወደ ኋላ የተጋደመ ማህፀን በእርግዝና ሦስተኛውና አራተኛው ወር አካባቢ በዳሌ ውስጥ ሲቀረቀር።

ጥያቄ፦ የተዘጋውን ሽንት ለማውጣት ካቴተር፣ ማለትም ወደ ፊኛው የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ፣ ማስገባት በጣም ያማል ይባላል። እንዴት ነው የሚከናወነው?

መልስ፦ በጥንቃቄ ሲሠራ ምቾት ይነሳል እንጂ የሚፈራውን ያህል አያምም። ባለሙያው በወንድ የሽንት ቱቦ ውስጥ የሚያደነዝዝ ጄል ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያም ካቴተሩን ሳይታገል ያስገባል። ካቴተሩ ጫፍ ላይ ያለው በውሃ የሚነፋ ትንሽ ከረጢት (ባሉን) የሚሞላው ካቴተሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ሽንት መውረዱ ከታየ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተነፋ የሽንት ቱቦውን ይቀድዳል። ካቴተሩ እምቢ ካለ በኃይል አይገፋም። ከአደጋ በኋላ በብልት ጫፍ ደም ከታየም ቱቦው ተቀድዶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በራጅ ይጣራል፤ አስፈላጊ ከሆነም ሽንቱ ከእምብርት በታች በሆድ በኩል ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሽንቱ በአንድ ጊዜ እንዳይወጣ እየዘጉ እየከፈቱ መልቀቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ቀድሞ እንዲህ ይመከር ነበር፤ ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸሩ ጥናቶች ግን ቀስ ብሎ መልቀቅ ጥቅም እንዳለው አላሳዩም። ይልቅ የወጣውን መጠን መመዝገብና የኩላሊት ምርመራ ማድረግ ይበጃል። በተለይ መዘጋቱ ኩላሊትን ጎድቶ ከነበረ፣ ከተከፈተ በኋላ በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ሽንት በተከታታይ ሊወርድ ስለሚችል፣ በሽተኛው ተኝቶ ፈሳሹና የደሙ ጨው ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፦ ካቴተሩ መቼ ይወጣል?

መልስ፦ ምክንያቱ ፕሮስቴት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ታምሱሎሲን ያለ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተጀምሮ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ይሞከራል። መድኃኒቱ ከመቀመጫ ሲነሱ ሊያዞር ይችላል፤ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የታሰበለት ሰውም መውሰዱን ለዓይን ሐኪሙ ማሳወቅ አለበት። ሙከራው ካልተሳካ ይደገማል፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። የፕሮስቴት የደም ምርመራ፣ ማለትም ፒኤስኤ፣ በዚያው ሰሞን ባይሠራ ይመረጣል፤ መዘጋቱና ካቴተሩ ራሳቸው ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርጉት ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ገና ወጣት ነው፤ ከሽንቱ መዘጋት ጋር እግሮቹ ዝለዋል፣ መቀመጫው አካባቢም ደንዝዞታል።

መልስ፦ ይህን ከፕሮስቴት ጋር አያገናኙት። የጀርባ አጥንት ዲስክ ወይም ሌላ ነገር ነርቮቹን ሲጫን የሚታይ ምልክት ነው። ካቴተር ገብቶለት ሕመሙ ቢቀልለትም ወደ ቤት አይመለስ፤ በዚያው ቀን የኤምአርአይ ምርመራ ተደርጎለት የነርቭ ወይም የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ጫናው በቶሎ ካልተነሳ ድክመቱም የሽንቱ ችግርም ቋሚ ሆኖ ሊቀር ይችላል።