አልጌና ማንቲስ ሽሪምፕ፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ውሃ አኳሪየም (የመስታወት ገንዳ) ውስጥ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለውን ሸርጣን መሰል የባሕር እንስሳ የምታሳድጉ ወሎዬዎች ጥቂት ናችሁ ብዬ ነበር። ጥያቄያችሁ ግን ሌላ ይላል፤ አብዛኛው መስታወቱንና ድንጋዩን ስለሚሸፍነው አልጌ ነው። ስም ትቼ ከተማችሁን ብቻ ጽፌያለሁ።

ኮምቦልቻ፦ አልጌውን እንዲበሉልኝ ቀንድ አውጣዎች አስገባሁ። በማግስቱ ያገኘሁት የቅርፊት ስብርባሪ ነው። ምን ነካቸው?

ምን ይነካቸዋል፣ ተበሉ እንጂ! ማንቲስ ሽሪምፖች ወጊና መቺ ተብለው ይከፈላሉ። ያንተ ቅርፊት የሚሰብረው መቺው ነው። ፒኮክ የሚባለው ዝርያ ሲመታ የክንዱ ፍጥነት በሰከንድ እስከ 23 ሜትር ተለክቷል። ቀንድ አውጣም ሸርጣንም ለእሱ ምሳ ናቸው። አዲስ በገዛህ ቁጥር ቀለብ እየሰፈርክለት ነው። መስታወቱን በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ራስህ ፋቀው። ካርዱን ረዘም ያለ እንጨት ላይ እሰረው፤ ጣትህን ሽሪምፑ ወደሚኖርበት ጉድጓድ እንዳታስጠጋ።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ የአልጌ ማጥፊያ መድኃኒት ብጨምርስ?

ኧረ እንዳታደርጊው! ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። መዳብ የሌለው ብታገኚ እንኳ፣ አልጌው በአንዴ ሲሞት ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚይዘው ያንሳል። በዚያ ላይ ሌሊት መብራት ሄዶ ፓምፑ ቢቆምስ?

ሐይቅ፦ ታዲያ አልጌው ከየት ነው የሚመጣው? በየሳምንቱ እፍቃለሁ፣ ይመለሳል።

ከእጅህ ነው፣ ወንድሜ። ይሄ እንስሳ ሥጋ በል ነው። ትርፍራፊው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይበሰብሳል፣ ለአልጌ ማዳበሪያ የሆኑትን ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል፣ አልጌው ይጠግባል። በየቀኑ አትስጠው፤ ለአዋቂው በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ትንሽ ቁራጭ ይበቃዋል። በረዶ የሆነውን ምግብ አሟሟና ፈሳሹን ድፋ። የተረፈውን በረዥም ወረንጦ ልቀም። በሳምንት ከውሃው አሥር በመቶ ያህል ቀይር።

መብራቱንም ቀንስ። ኮራል (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ) ከሌለህ ኃይለኛ መብራት የሚፈልግልህ የለም፤ ሽሪምፑ ጨለምለም ያለ ቦታ ይወዳል። ገንዳውን ከመስኮት አርቀው።

እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ግን አልጌን በአልጌ ነው። ከዋናው ገንዳ ጋር ውሃ በሚጋራ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ኬቶሞርፋ የሚባለውን የባሕር አልጌ አሳድግ። የተጠቀለለ አረንጓዴ ክር ይመስላል። መብራቱን ሌሊት አብራለት። ሲበዛ እፍኝ እየቆረጥክ ጣለው፤ የበላው ናይትሬትና ፎስፌት አብሮ ይወጣል። ሽሪምፑ እዚያ ስለማይደርስ ቀንድ አውጣዎችህም እዚያ በሰላም ይኖራሉ።

ባቲ፦ የአፋር ጨው እዚህ ገበያ ሞልቷል። በእሱ ብሠራውስ?

ለወጥ ይሁንልህ። የምግብ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ሽሪምፑ ቅርፊቱን ለመሥራት ካልሲየም፣ ማግኒዥየምም ይፈልጋል። ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው ከውጭ አስመጣ፤ ጨዋማነቱ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ይሁን።

ወልዲያ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ከቆርቆሮ የሚወርድ የዝናብ ውሃ ላጠራቅምለት?

ጋሼ፣ ይቅርብዎ። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክም እንደ መዳቡ ለእነዚህ እንስሳት መጥፎ ነው። የቧንቧውም ቢሆን ክሎሪን አለው፣ ሲሊኬትም (ከአሸዋና ከድንጋይ የሚሟሟ ንጥረ ነገር) ሊኖረው ይችላል። ሲሊኬት ቡናማውን አልጌ ይመግባል። በአር ኦ ማጣሪያ (ውሃን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሟሟውን የሚያስቀር) ያለፈ ውሃ ይጠቀሙ። ውሃው ተንኖ ሲጎድል ጨው የሌለበት ውሃ ይጨምሩ፤ ጨው አይተንምና።

ደሴ፦ አሸዋው ላይ እንደ ጨርቅ የሚላጥ ቀይ ነገር?

ሳይኖባክቴሪያ የሚባል፣ አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ ነው። በቱቦ ምጠጠው፤ የውሃውን እንቅስቃሴ ጨምር፣ ምግብ ቀንስ።

መርሳ፦ ሽሪምፔ ጉድጓዱን በድንጋይ ዘግቶ ከጠፋ ሰነበተ። አልጌ የያዘውን ድንጋይ አውጥቼ ልጠበው?

አብሽር፣ ቅርፊት እየቀየረ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ራሱን መከላከል አይችልም። ድንጋዩን አትንካ። ምግብም አትጣልለት፣ ይበሰብሳል። ባዶ ቅርፊት ወጥቶ ብታይ ሞተ ብለህ አትደንግጥ። ድንጋዩን የምታጥበው እሱ ራሱ ከፍቶ ወጥቶ መብላት ሲጀምር ነው፤ ያኔም ከገንዳው በቀዳኸው የጨው ውሃ።