ግድግዳዬ ባዶ ነው፤ ምን ልስቀልበት?

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ግድግዳ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስዕል ላይ ዜሮ ነኝ። ፈረስ ስስል ውሻ ነው ይሉኛል። ግን በእጄ የሠራሁትን ነገር ሳሎን ውስጥ መስቀል እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ፈረሱን ተወው። የሚሰቀል ነገር የግድ አንድን ነገር መምሰል የለበትም። ከመጋረጃህ ወይም ከምንጣፍህ ላይ ሁለት ሦስት ቀለም ምረጥ። ሸራውን መጀመሪያ አንዱን ቀለም ቀባውና ይድረቅ። ከዚያ በወረቀት ፕላስተር ከፋፍለህ ሌሎቹን ቀለሞች በየክፍሉ ቀባ። ቀለሙ በፕላስተሩ ስር እየሰረገ መስመሩን እንዳያበላሽብህ፣ የፕላስተሩን ጠርዝ አስቀድመህ በዚያው በታችኛው ቀለም አንዴ ቀባው። የሚሰርግ ካለ እሱ ይሰርጋል፤ ማንም አያውቅብህም።

ለጀማሪ አክሪሊክ ይሻላል። ቶሎ ይደርቃል፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ብቻ በዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ እንዳትደርብ፤ ቆይቶ ይላጣል።

ጥያቄ፦ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስዕል ሠርቼ ከሶፋው በላይ ሰቀልኩት። ሥራዬን ወድጄዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ ግን የጠፋ ነገር ይመስላል። ሶፋው ሁለት ሜትር ነው። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

መልስ፦ ስዕሉን አላበላሸሽም፤ መጠኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ቤት ውስጥ ከማያቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከአሳሳሉ ሳይሆን ከመጠኑና ከአሰቃቀሉ የሚመጡ ናቸው። ከሶፋ በላይ የሚሰቀል ነገር ስፋቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ያምራል። ላንቺ ወደ 130 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

አዲስ ትልቅ ስዕል መሥራት የለብሽም። ሁለት ሦስት ጓደኛ ሥሪለትና ጎን ለጎን አድርጊያቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከራቁ ተኳርፈው የተቀመጡ ይመስላሉ። ሚስማር ከመምታትሽ በፊት በየስዕሉ ልክ ወረቀት ቆርጠሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። አንድ ቀን እዚያው ይዋል፤ እያለፍሽ እያገደምሽ እዪው።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ ለምን ወደ ጣሪያው እንደሚሰቅል አይገባኝም! ባዶ ግድግዳ ላይ የስዕሉ መሃል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ከሶፋ በላይ ሲሆን ግን ከመደገፊያው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጊው። ስዕሉና ሶፋው መተያየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ግድግዳዬ ኮንክሪት ነው። ሚስማሩ ሁሉ ይጣመማል።

መልስ፦ ለቀላል ነገር አጭርና ቀጭን የኮንክሪት ሚስማር ይሞክሩ። ከበድ ላለ ፍሬም ግን ድሪል፣ ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) እና ብሎን ነው የሚያዋጣው። 6 ሚሊ ሜትር ፊሸር ከሆነ የሚበሱበትም 6 ይሁን። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ብናኝ ሳያወጡ ፊሸሩን ከከተቱ አይይዝም። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትክክል ወደ ላይ፣ ወደ ታችም ሆነ ወደ ጎን አይብሱ፤ ሽቦ ሊያልፍበት ይችላል። ሰፊ ፍሬም በሁለት ነጥብ ላይ ከተሰቀለ በር በተዘጋ ቁጥር አይንጋደድም። ውሃ ልክ ካለዎት አሁን ያውጡት።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ በትልቁ ሳሳትመው ደበዘዘ። አታሚው ነው ጥፋተኛው?

መልስ፦ ፎቶውን በምን ላክኸው? በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ መተግበሪያው ራሱ ጨምቆ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ላከው። ከቅርብ የሚታይ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ህትመት ወደ 3540 በ4720 ፒክስል ይፈልጋል። ከሩቅ ለሚታይ ግን የየጎኑ ግማሽ ይበቃል። ስክሪን ሾት ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ አበባ አድርቄ ፍሬም ውስጥ ላስገባ ነበር፤ ሻገተብኝ።

መልስ፦ ሳይደርቅ ነው ያስገባሽው። ጠፍጣፋና ስስ አበባ ምረጪ፤ ወፍራሙ ውስጡ እርጥበት ይዞ ይቀራል። ውሃ በሚመጥ ወረቀት መካከል አድርገሽ ከባድ መጻሕፍት ጫኚበት። ወረቀቱን በየጥቂት ቀኑ ቀይሪ። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሺው። ፍሬም ውስጥ ስታስገቢው መስታወቱ አበባው ላይ አይለጠፍ፤ መሃሉ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን በመካከል ካስገባሽ ትንፋሽ ያገኛል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽው ግን ቀለሙ መሄዱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የልጆቼን ስዕል ሳሎን ውስጥ ብሰቅል እንግዳ ምን ይለኛል?

መልስ፦ ይበል! ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ጠርዝ ያለው ፍሬም ይስጡትና ሰው ማን ሳለው ብሎ ይጠይቅዎታል። የፌልት እስክሪብቶ ቀለም ብርሃን ላይ ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ ስዕሉን ስካን አስደርገው ቅጂውን ይስቀሉ። ዋናው ስዕል መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።