ስለ ቫስኮ ዳ ጋማ ለምትጽፊው መምህርት፦ ዓመቱን 8 እየቀነስሽ አትለፊ

ሰላም እህቴ። ለትምህርት ቤታችሁ የታሪክ ክበብ፣ በባሕር አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ስለደረሰው ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ስለ ቫስኮ ዳ ጋማ ሕይወትና ጉዞ ትንሽ ቡክሌት ልታዘጋጂ እንደሆነና ከየት እንደምትጀምሪ ጠይቀሻል። እኔም መምህር ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ይህንኑ ሠርቻለሁ። የተወለደበትን ከተማና የንጉሡን ስም የትም ታገኚዋለሽ፤ እኔ የከሰርኩበትን ልንገርሽ።

1ኛ፦ ዓመተ ምሕረቱን በየቦታው 8 እየቀነስሽ አትለፊ። ዳ ጋማ ከሊዝበን የተነሳው በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 1497 ነው። 8 ስቀንስ 1489 ዓ.ም. ሆነ፤ ልክ ነው። ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕን የዞረው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 ነው። አሁንም 8 ቀንሼ ኅዳር 1489 ብዬ ጻፍኩ። መሃል ላይ መስከረም ጠብቶ የእኛ ዓመት እንደተለወጠ ረሳሁ። በእኔ ጽሑፍ ሰውዬው ከአገሩ ከመነሳቱ ስምንት ወር ቀድሞ የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ዞሯል ማለት ነው። 150 ኮፒ ታትሞ ለተማሪዎች ታድሏል። የከፈልኩት ከኪሴ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በእረፍት ሰዓት መጥታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ቀን እንዴት ነው?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ኮፒዎቹን ሰብስቤ እንደገና አሳተምኩ። የዚያን ወር ደመወዜን በላው።

ቀኑንም ዛሬ ግድግዳ ላይ በምንሰቅለው ካላንደር እንዳትመልሺው። ፈረንጆቹ ዛሬ የሚጠቀሙበት ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የመጣው በፈረንጆቹ 1582 ነው። በዳ ጋማ ዘመን ፖርቱጋሎች ጁሊያን በሚባለው በቀድሞው አቆጣጠር ነበር የሚቆጥሩት። ስለዚህ ጁላይ 8 ሐምሌ 1 ሳይሆን ሐምሌ 14 ነው። ኬፑን የዞረው ኅዳር 26 ቀን 1490 ዓ.ም. ነው። ሕንድ ካሊከት የደረሰበት ሜይ 20 ቀን 1498 ደግሞ ግንቦት 25 ቀን 1490 ዓ.ም. ይሆናል። እነዚህን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብዬ ራሴ ነኝ ያሰላኋቸው። ማንም አልረዳኝም፤ እስከ ዛሬም ያኮራኛል። ያኔ የእነሱና የእኛ ገና በአንድ ቀን ይውል ነበር። መርከቦቹ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ በምንለው አገር የባሕር ዳርቻ ሲያልፉ ገና ደረሰና ቦታውን ናታል አሉት፤ በቋንቋቸው ልደት ማለት ነው። እኛም ጋ ቀኑ ታኅሣሥ 29 ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ነው ያለው።

2ኛ፦ ለመረጃ ብለሽ ቢሮ ለቢሮ አትመላለሺ። እኔ መጽሐፍ ፍለጋ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ «ከትምህርት ቤትህ ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ማኅተሙ አይነበብም» ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ደብዳቤዬን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «የፈረንጅ መርከበኛ ለአንተ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ለትራንስፖርት ያወጣሁት ገንዘብ አይደለም ያናደደኝ። ያ አነጋገሩ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ለካ የምፈልገው ነገር ስልኬ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ አብሮ የተጓዘ አንድ ሰው የጻፈው የዕለት ማስታወሻ አለ። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ከእሱ ጀምሪ።

ማስታወሻው ላይ እኛን የሚነካ ቦታ አለ። ዳ ጋማ ለካሊከት ንጉሥ ብቻ ሳይሆን ለ«ቄሱ ዮሐንስ» ጭምር ደብዳቤ ይዞ ነበር የተነሳው። ሞዛምቢክ ሲደርሱ ይህ ንጉሥ ብዙም ሩቅ እንዳልሆነ፣ ግን ወደ መሃል አገር ገብቶ በግመል እንደሚኬድ ተነገራቸው። መርከበኞቹ ከደስታ ብዛት አለቀሱ ይላል። የእኛን ነገሥታት ነበር በዚያ ስም የሚጠሩት። ዳ ጋማ ራሱ ግን ኢትዮጵያን አልረገጠም። ተማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፣ አንዳንድ መምህራንም እንዲሁ። የመጣው ልጁ ክሪስቶቫኦ ነው። ሐምሌ 1533 ዓ.ም. 400 ያህል ወታደር ይዞ ከምጽዋ ወደ መሃል አገር ገባ፣ ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ተገናኘ፣ በዓመቱ ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተማረከና ግራኝ አሕመድ ፊት አንገቱ ተቀላ። ይህን ለብቻው አንድ ገጽ ስጪው።

3ኛ፦ ካሊከት ላይ አታቁሚ። ሁሉም እዚያ ያቆማል። ዋናው ነገር ያለው መመለሻው ላይ ነው። ሲሄዱ ከማሊንዲ (ዛሬ ኬንያ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት) ካሊከት የፈጀባቸው ከአንድ ወር በታች ነው። መንገዱን የሚያውቅ መሪ ከማሊንዲ ንጉሥ ተሰጥቷቸዋል፣ ነፋሱም ከኋላ ነበር። (መሪው አሕመድ ኢብን ማጂድ ነው የሚል ታገኛለሽ። ጉዞውን ያዩ ሰዎች እንዲህ ብለው አልጻፉም፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የመጣ አባባል ስለሆነ ተዪው።) ካሊከት ላይ ስጦታቸው ተናቀ፦ ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ መታጠቢያ ሳህን፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር። የንጉሡ ሰዎች ከመካ የሚመጣ ድሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያመጣል አሏቸው። ዳ ጋማ ተቆጥቶ የነፋሱን መዞር ሳይጠብቅ ኦገስት መጨረሻ ላይ ተነሳ። ያው ባሕር ሲመለሱ ሦስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት በማጣት ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ሸፈነ፣ እግራቸው አበጠ፣ በዚያ መሻገሪያ ብቻ 30 ሰው ሞተ። ማሊንዲ ሲደርሱ ለበሽተኞቹ መጀመሪያ የጠየቁት ብርቱካን ነው። የሚነዳት ሰው ስላነሰ «ሳኦ ራፋኤል» የተባለችውን መርከብ በገዛ እጃቸው አቃጠሉ። የመርከቧ አዛዥ የነበረው የዳ ጋማ ወንድም ፓውሎም አገሩ ሳይገባ አዞረስ ደሴቶች ላይ ሞተ። ከተነሱት 170 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ አልተመለሱም። ነፋሱ ወቅት ጠብቆ እንደሚዞር በቀስት እየሳልሽ አስረጂ፤ ያለዚያ ልጆቹ ለምን ይህ ሁሉ ሰው እንዳለቀ አይገባቸውም።

ሌላው፣ «ለልጆች አይሆንም» የሚልሽ አለቃ ይመጣል። ዳ ጋማ በፈረንጆቹ 1502 በሁለተኛው ጉዞው ከመካ የሚመለሱ ተጓዦችን የጫነች መርከብ ከነሴቶቹና ከነሕፃናቱ አቃጥሏል። እኔን ይህን አንቀጽ አውጣ አሉኝ። አላወጣም አልኩ። ሁለት ሳምንት ፊርማ ሳይሰጡኝ ቆዩ፤ በመጨረሻ እንዳለ ወጣ። አንቺም አታውጪው።

ማተሚያ ቤት ከመሄድሽ በፊት የቀኖቹን ገጽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ማታ ማታ አየዋለሁ። የሞተበትን ቀን በተለይ። ሕንድ ውስጥ ኮቺን ላይ ዲሴምበር 24 ቀን 1524 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 28 ቀን 1517 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ።